ሐይቁ የሚጀምረው ከወንዶ ገነት ነው

ይድረስ፦ በሐዋሳ ከተማ፣ በሲዳማ ክልልና በምዕራብ አርሲ ዞን የመሬት፣ የውሃ፣ የደንና የከተማ ፕላን ሥራ ለያዛችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ የሐዋሳ ሐይቅን ተፋሰስ በአንድ ካርታ ስለማየት

ክቡራንና ክቡራት፣

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ባለቤቱ አንድ ቢሮ ስላልሆነ ነው። ጉዳዩ ሁለት ክልል (ሲዳማንና ኦሮሚያን)፣ ብዙ ወረዳና ብዙ ዘርፍ ይነካል። በየበሩ አንድ አንድ ኮፒ እያስገቡ ማህተም ማስመታት ደግሞ ጊዜም ጫማም ይጨርሳል።

የምለው አንድ ነገር ነው። ገንዘባችን የሚፈሰው ሐይቁ ዳር ነው። የሐይቁ ዕጣ የሚወሰነው ግን ላይ፣ ተራራው ጋ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ማንኛውም ትልቅ ፕሮጀክት ከመፈረሙ በፊት መላው ተፋሰስ፣ ውሃውን ወደ ሐይቁ የሚልከው መሬት ሁሉ፣ ያለበት ካርታ ጠረጴዛው ላይ ይዘርጋ።

ተማሪዎቼን ታቦር ተራራ ላይ ይዤ ስወጣ ሁሉም መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ይዞራሉ። አይፈረድባቸውም። ሐይቁ እዚያ ነው፤ ፎቶውም የሚያምረው በዚያ በኩል ነው። እኔ ግን ትምህርቱን የምጀምረው ከምሥራቅ ነው። በዚያ በኩል መጀመሪያ የከተማዋ ቆርቆሮ ይታያል። ከዚያ የጨለለቃ ረግረግ ይመጣል። ከረግረጉ ጀርባ የወንዶ ገነት ተራራ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የምሥራቁ ጠርዝ ግን ከ2,500 ሜትር ያልፋል። ይህ ዙሪያ ገባ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ወደ ውስጥ የተደረመሰበት ቦታ ነው። ካልዴራ ይባላል። እኛ የምንኖረው በጎድጓዳ ሳህን ወለል ላይ ነው ማለት ነው።

ሐይቁ ራሱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ውሃ የሚልክለት መሬት ግን ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሄክታር ሐይቅ ከ13 ሄክታር የማያንስ ማሳ፣ ግጦሽ፣ ደን፣ መንደርና አስፋልት አለ። ከዚያ ሁሉ የሚወርድ አፈር፣ ማዳበሪያ፣ ፌስታልና ፍሳሽ መድረሻው አንድ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለም።

እዚህ ላይ ሁሌ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ መውጫ ከሌለው ለምን ጨው አልሆነም?» ጥያቄው ጥሩ ነው። ከሐይቁ ላይ በዓመት የሚተነው ከሚዘንብበት ይበልጣል። በዚህ ሒሳብ ከሆነ እንደ ሻላና አቢያታ ሐይቆች ሶዳማ መሆን ነበረበት። ባለሙያዎቹ የሚሰጡት መልስ ውሃው ከሥር በስንጥቅ ይሾልካል የሚል ነው፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሻላ አቅጣጫ። ሻላ ከሐዋሳ ሐይቅ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። በዚያ ስንጥቅ ውሃው ጨውን ይዞ ይሄዳል። ደለል ግን በስንጥቅ አይሾልክም። እዚያው ይቀራል። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ብዙ ይችላል። የእኛው ቢበዛ 22 ሜትር ገደማ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። ጥቁር ውሃ ደግሞ ከጨለለቃ ነው የሚነሳው። ጨለለቃ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተነሱ የሳተላይት ምስሎች ላይ ሐይቅ ሆኖ ይታያል። ዛሬ ከብት የሚግጥበት ረግረግ ነው። ከላይ የመጣው አፈር ሞላው። ይህን ያህል ነገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሲሆን ቀን ተቆርጦ የተለቀሰበት አልሰማሁም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ አፈሩም እያሳሳቀ ነው የሞላን።

ረግረግ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ትንኝና የባከነ መሬት ነው። ለግንባታ የሚቋምጥለትም አለ። ግን ጨለለቃ የሐይቁ ማጣሪያ ነው። ከተራራ የወረደው ጎርፍ እዚያ ሲደርስ ይረጋጋል፤ ሳሩና ፊላው ደለሉን ይይዙታል። ማጣሪያው ሲደፈን ወይም ቦይ ተቆፍሮ ውሃው በአቋራጭ ሲሄድ፣ ደለሉ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይገባል። ከዚያ በኋላ ዳርቻው ላይ የምንደረድረው ድንጋይና የምንተክለው አበባ ምን ሊያደርግ ነው?

አሞራ ገደል በጠዋት ሂዱ። ጀልባዎቹ ሲመለሱ ልጆቹ ቆሮሶውን ከመረብ ይፈቱታል። የቢላው ድምፅ ቅርፊቱ ላይ ፈርር ይላል። አምባዛው ጢሙን እያንቀሳቀሰ ሳፋ ውስጥ ይገላበጣል። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ መላጣ ራሱን ሰብስቦ ተራ ይጠብቃል፤ አንድ ሆድ ዕቃ ሲወረወር አስሩ ይሻሙበታል። አንድ አጥማጅ ያዙና ስለ ዓሳው መጠን ጠይቁት። ድሮና ዘንድሮን በእጁ ለክቶ ያሳያችኋል። የዘንድሮው እጅ አይሞላም።

ጥፋቱ የጠባብ መረብ ብቻ አይደለም። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው፣ ሳር በበዛበት ዳርቻ ነው። ወንዱ ታች ያለውን መሬት በመጠኑ ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል። ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ዳርቻው በደለል ሲሸፈን፣ ወይም አፈር ተደፍቶበት መናፈሻ ሲሆን፣ የማዋለጃ ክፍሉ ተዘጋ ማለት ነው። ሐይቅ ዳር ተቀምጠን የዓሳ ሾርባ የምናዝዝ ሁሉ ይህን ማወቅ አለብን፤ እኔም ጭምር፣ ሾርባውን እወደዋለሁና።

አሁን ወደ ሰዉ ልምጣ። መማሪያ መጽሐፎቻችን መልክዓ ምድርን በአንድ ምዕራፍ፣ ሕዝብን በሌላ ምዕራፍ ያስተምራሉ። ሲዳማ ተራራ ላይ ግን ሁለቱ ምዕራፎች አንድ ጓሮ ውስጥ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የያኔው ሲዳማ ዞን ሕዝብ 2.95 ሚሊዮን ነበር። ወደ 6,500 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ ማለት ነው። በካሬ ኪሎ ሜትር ከ450 ሰው ይበልጣል። የአገሪቱ አማካይ ያኔ 67 ገደማ ነበር። ገጠር ሆኖ ይህን ያህል ሰው እንዴት ቻለ? መልሱ እንሰት ነው። እንሰት በትንሽ መሬት ብዙ ሰው ይመግባል። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ ግን በቸገረ ጊዜ ይቆረጣል፤ ተፍቆም ቆጮና ቡላ ይሆናል። ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ሌላ ነው። እንሰት ዓመቱን ሙሉ መሬቱን ሸፍኖ ይቆማል። የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ሲወርድ የሚያርፈው ቅጠሉ ላይ ነው፤ አፈሩ ላይ አይደለም።

መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ሒሳቡ ይቀየራል። ግማሽ ጥማድ የደረሰው ወጣት ገንዘብ ቶሎ የሚያመጣ ነገር ይፈልጋል። ጫት ይተክላል፣ ባህር ዛፍ ይተክላል፣ ወይም ተዳፋቱን አርሶ በቆሎ ይዘራል። እሱም አይፈረድበትም። በቆሎ ግን ዝናቡ ሲጀምር ገና ቡቃያ ነው። ያ ራቁት መሬት ነው ሐይቁ ውስጥ የምናገኘው። ከሐይቁ በስተምዕራብና በስተደቡብም ተመሳሳይ ነው። በሐዋሳ ዙሪያ ወረዳ ቦረቦሩ በየክረምቱ ማሳ እየቆረጠ ይሄዳል። ከላይ ያለው አፈር የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ ስለሆነ ልል ነው።

ፑሚስ ካልኩ አይቀር፤ ብሎኬት የሚሠራበትን ነጭ ድንጋይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክፍል ውስጥ አንዱን ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ እጥለዋለሁ። ይንሳፈፋል። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ አንዳንዱ ጠጠሩን አውጥቶ ላስቲክ መሆን አለመሆኑን ያጣራል። ከዚያ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አፈር በጎርፍ ፊት ስንት ደቂቃ ይቆማል?

ያው እሳተ ገሞራ የመጠጥ ውሃችንንም ይነካል። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ የሚሆንባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች ክፍሌ ውስጥ አሉ። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ጥርሳቸውን ስላልቦረሹ አይደለም። በልጅነታቸው የጠጡት ውሃ ነው። በአንጻሩ ከተራራው የሚወርደው ምንጭና ወንዝ ፍሎራይዱ በአብዛኛው ያነሰ ነው። ስለዚህ የላይኛው ደንና ምንጭ ለገበሬው ብቻ ሳይሆን ለከተሜው ጥርስም ጉዳይ ነው።

ወጣቱ እዚያ ተራራው ላይ መሬት ሲጠበው የት ይሄዳል? ወደ እኛ ይወርዳል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየወረዳው ልጃገረዶች መጡ። አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት እየተከራዩ ሠሩ። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሉን ስትዘጋው ፓርኩም ተንገዳገደ። ከሥራ የወጣችው ልጅ ሁልጊዜ ወደ ወላጆቿ አትመለስም፤ እዚያም መሬት የለም። እዚሁ ጀበና ትዘረጋለች፣ ጉልት ትቸረችራለች። ያደረችበት ቤት ፍሳሽ የት እንደሚሄድ ደግሞ አሁን ታውቃላችሁ። ቤተሰቧ ከላይ አፈር ይልካል፤ እሷ ከታች ፍሳሽ ትልካለች። ሁለቱም ወደው አይደለም። እናንተ ግን በሁለት ፋይል፣ በሁለት ቢሮ ነው የምታዩአቸው።

ስንት ሰው እንደሆንን እንኳ በቅጡ አልተቆጠርንም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ ያው የ1999ኙ ነው። ያኔ በከተማዋ ውስጥ የሚኖረው 157,879 ተብሎ ነበር። ዛሬ በሥራ መውጫ ሰዓት ፒያሳ የቆመ ሰው በዚህ ቁጥር አያምንም። በድሮ ቁጥር የተለካ የፍሳሽ መስመር ቢያጥረን ምን ይገርማል።

የአስተዳደር ካርታችን ግን ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ሰኔ 2012 ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ። ነሐሴ 2015 የቀድሞው ደቡብ ክልል ጨርሶ ተከፋፈለ፤ ሐዋሳም የሲዳማ ብቻ መዲና ሆነች። ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። የውሃ መስመሩ ግን አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀሰም። በሲዳማ ተራራ ላይ የሚወርድ ዝናብ በሦስት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይመጣል። ሌላው በጊዳቦ ወደ አባያ ይወርዳል። ሦስተኛው ወደ ገናሌ ገብቶ በጁባ በኩል ሶማሊያን አቋርጦ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ይሄዳል። አንድ ሸንተረር ላይ በተለያየ ወገን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች በዚህ ዓለም አይገናኙም። የእኛ ጠብታ ደግሞ ከፊሉ ከሲዳማ፣ ከፊሉ ከኦሮሚያ ነው የሚመጣው። መታወቂያ አይጠየቅም።

አንዴ የተፋሰሱን ካርታ ለተማሪዎች ፈልጌ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ ይቅር። የተሰጠኝ ካርታ በጣም ያምራል፤ ቀበሌው በቀለም በቀለም ተለይቷል። ክልሉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ግን ወረቀቱ ነጭ ነው። ወንዙ መጥቶ መጥቶ ነጩ ወረቀት ላይ ይጠፋል። «ከዚህ ወዲያ የእኛ አይደለም» አሉኝ፤ በትህትና ነው ያሉኝ። ሐይቁን የሚጎዳው ይህ ነጭ ወረቀት ነው።

የሚሆነውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አቢያታ በሻሸመኔ በኩል ቅርባችን ነው። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ፣ ጥበቃ ያለው ሐይቅ ነው። ግን ውሃው የሚመጣው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ነው። ላይ መቂና ዝዋይ አካባቢ ውሃው ለመስኖ ተሳበ፤ ታች ዳርቻው ላይ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ተሳበ። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨውነቱ ጨመረ፣ ዓሳው አለቀ። ሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆ የሚሠሩት ይብራዎች (ፔሊካኖች) ቀለብ የሚያመጡት ከአቢያታ ነበር። በአንዱ ሐይቅ የጠፋው ዓሳ በሌላው ሐይቅ ጫጩት አስራበ። የፓርክ አጥር ይህን ሁሉ አላስቆመም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ በሌላም በኩል አስደንግጦናል። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ መጠኑ ጨምሮ ዳርቻውን አጥለቅልቆ ነበር። ዛሬ የምንንሸራሸርበት ግድብ የዚያ ዘመን ስጋት ውጤት ነው። ሴልፊ የሚነሳበት ወጣት ይህን አያውቅም። ሐይቁ ሲሞላም ሲጎድልም ምክንያቱን የምናገኘው ላይ ነው፤ በዝናቡና ዝናቡን በሚቀበለው መሬት ላይ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጣል። ከሰሜን በኩል የሚታየው ኮርቤቲ የተኛ እሳተ ገሞራ ነው፤ ሳተላይቶች መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲያብጥ መዝግበዋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በመሬት መንቀጥቀጥ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ፎቅ ስትፈቅዱ የተፋሰሱ ካርታ ላይ የስንጥቁ መስመርም ቢኖር አይከፋም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የኮሪደር ልማቱን አልቃወምም። እግረኛ መንገድ የማይወድ መምህር የለም፤ መኪና የለንማ። የምጠይቀው ከዳርቻው ከሚገኘው ገቢ፣ ከሆቴሉም ከመዝናኛውም ከጀልባውም፣ የተቆረጠ ድርሻ ወደ ላይ ይውጣ ነው። እርከን ለሚሠራ፣ ተዳፋቱን በእንሰት፣ በቡናና በአገር በቀል ዛፍ ለሚሸፍን ገበሬ ይከፈለው። በነፃ ዘመቻ በዓመት አንድ ቀን ችግኝ ተክሎ መመለስ አይበቃም። ወንዶ ገነት ውስጥ የደን ኮሌጅ አለን፤ እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ አለን። ዕውቀቱን ከሌላ አገር አናስመጣም። ሽማግሌዎቹም አሉ። በሲዳማ የዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ አደባባይ የሚሰበሰበው ሕዝብ ስለ ዛፍና ስለ መሬት የአባቶችን ቃል ይሰማል፤ በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ሲዳምኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ወላይትኛ አንድ ባጃጅ ውስጥ በሚሰማበት ከተማ አንድ የጋራ ጠረጴዛ ማዘጋጀት ያቅተናል ብዬ አላምንም። ሁለቱ ክልሎች በዓመት ሁለቴ፣ ከበልግ በፊትና ከክረምት በፊት፣ አንድ ካርታ ይዘው ይቀመጡ።

ከሁሉ የሚቀድመው ጨለለቃ ነው። ወሰኑ በዝናብ ወቅት ተለክቶ ችካል ይተከልበት። በበጋ ከተለካ ግማሹ ደረቅ ነውና ለሊዝ ይጣፍጣል።

ለእኔ መልስ መጻፍ አያስፈልግም። ፍቅር ሐይቅ መግቢያ ላይ አንድ ሰሌዳ አቁሙ። የሐይቁን ከፍታ፣ በጥቁር ውሃ በኩል የገባውን ደለልና በዚያ ወር የተሸፈነውን ተዳፋት በየወሩ ጻፉበት። ቁጥሩ መጥፎ ቢሆንም ጻፉት። ተማሪዎቼ ደብተር ይዘው ይመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጂኦግራፊ መምህር
ሐዋሳ